«ስንት ራም ይበቃል?» የሚለው የድሮ ጥያቄ

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ኮምፒውተሮች ያሉበት ክፍል ነበር። በእርዳታ የመጡ፣ ዕድሜ የጠገቡ ማሽኖች ናቸው። እያንዳንዳቸው 512 ሜጋባይት ራም ነበራቸው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ተጭኖባቸው ስለነበር ምንም አይሉም፤ ይነሳሉ፣ እንጽፍባቸዋለን፣ እንዘጋቸዋለን። አንድ ክረምት ግን አንድ ቅን ሰው «ልጆቹ በአዲሱ ይማሩ እንጂ!» ብሎ ሁሉም ላይ ዊንዶውስ 7 ጫነባቸው። መስከረም ላይ ስንመለስ ጉድ ሆንን። ማብሪያውን ተጭነን ስም ተጠርቶ ያልቃል፣ የቤት ሥራ ታይቶ ያልቃል፣ ዴስክቶፑ ግን ገና አልመጣም። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ውስጥ የምንሠራበት 15 ደቂቃ ቢሆን ነው። ወርድ ከፍቶ ስሙን ለመጻፍ የበቃ ተማሪ እንደ ጀግና ይታይ ነበር።

መምህራችን «ራሙ አልበቃውም» አሉን። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ኮምፒውተሩ ያው ነው። የምንጽፈውም ያው ነው። ታዲያ አምና የበቃው ዘንድሮ ምን ነካው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ የኮምፒውተር ታሪክ ማንበብ ስጀምር ነው። በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲሸጥ «ቢያንስ ይህን ያህል ሜሞሪ ይፈልጋል» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ከሰማይ የወረደ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። የሆኑ ሰዎች፣ የሆነ ቀን፣ የሜሞሪን ዋጋ አይተውና አንድን ዓይነት ተጠቃሚ በሐሳባቸው ይዘው የወሰኑት ነው። እኔና ጓደኞቼ በዚያ ሐሳብ ውስጥ አልነበርንም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ታሪኩ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ግን ራም ምን እንደሆነ እንስማማ። ጉሊት የተቀመጠች ሴት አስቡ። ፊት ለፊቷ ማዳበሪያ ዘርግታ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ደርድራለች። ደንበኛ ሲመጣ እጇን ሰድዳ ወዲያው የምታነሳው ማዳበሪያው ላይ ያለውን ብቻ ነው። ቤቷ ጓዳ ውስጥ አንድ ኩንታል ድንች ሊኖራት ይችላል፤ ግን እሱን ለመሸጥ ልጇን ልካ ማስመጣት አለባት። ማዳበሪያው ራም ነው። ጓዳው ሃርድ ዲስክ ነው፣ ስልክ ላይ ከሆነ ደግሞ «ስቶሬጅ» የምንለው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም (በአማርኛ ስርዓተ ክወና የሚሉትም አሉ) ሻጯ ራሷ ናት። የትኛው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ የምትወስነው እሷ ናት። ታዲያ እሷም በርጩማዋ፣ ሚዛኗና ጃንጥላዋ ቦታ ይይዛሉ። ማዳበሪያው ጠባብ ከሆነ ሚዛኑና ጃንጥላው ይሞሉትና ለሽንኩርቱ ቦታ ይጠፋል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሜሞሪ በወር ኪራይ

በ1964 አይቢኤም «ሲስተም/360» የተባለ የኮምፒውተር ቤተሰብ ለዓለም አስተዋወቀ። ሐሳቡ ለጊዜው ደፋር ነበር፦ ከትንሹ ሞዴል እስከ ትልቁ ድረስ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ይሠራል። ከእሱ ጋር ኦኤስ/360 የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ታሰበ፤ ሥራውን ከመሩት ዋነኛው ፍሬድ ብሩክስ ነበር።

ችግሩ ሜሞሪው ነው። የዚያን ጊዜ ሜሞሪ ዛሬ የምናውቀው ቺፕ አልነበረም። ጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች በቀጫጭን ሽቦዎች ላይ እንደ ጨሌ ተሰክተው የሚሠራ ነበር። አንዱ ቀለበት አንድ ቢት ብቻ ይይዛል፤ ስለዚህ ለአንድ ባይት ቢያንስ ስምንት ቀለበት ያስፈልጋል። ዋጋው እንዴት እንደሚሆን ገምቱ። ከቤተሰቡ ትናንሽ ልጆች አንዱ የሆነው ሞዴል 30፣ 8 ኪሎባይት ብቻ ይዞ ሊገዛ ይችል ነበር። ኦኤስ/360 ደግሞ በተሠራ ቁጥር እያበጠ፣ እየዘገየም ሄደ። ትንሹን ማሽን የገዛው ደንበኛ ምን ይሁን? አይቢኤም «አንድ ለሁሉም» ያለውን ሐሳቡን ወደ ጎን ትቶ ለትናንሾቹ የተለዩ ሲስተሞች ማውጣት ግድ ሆነበት። 8 ኪሎባይት ላለው አንድ፣ 16 ኪሎባይትና ዲስክ ላለው ዶስ/360 የተባለ ሌላ። (ከማይክሮሶፍቱ ዶስ ጋር ዝምድና የለውም፤ ሞክሼ ብቻ ናቸው።) እንደ ጊዜያዊ ማስታገሻ የወጣው ዶስ/360 በጣም ብዙ ደንበኞች ዘንድ ገብቶ ለዓመታት ተቀመጠ።

ብሩክስ ከዚያ ሥራ የተማረውን በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጽፎታል። እዚያ ውስጥ ሁሌ የሚገርመኝ አንድ ስሌት አለ። በወቅቱ ከትልልቆቹ አንዱ በነበረው ሞዴል 165 ላይ ሜሞሪ በኪራይ ነበር የሚገኘው፤ አንድ ኪሎባይት በወር 12 ዶላር ገደማ። ኤፒኤል የሚባል አንድ ሶፍትዌር በወር 400 ዶላር ይከራያል፤ ሲሠራ ግን ቢያንስ 160 ኪሎባይት ይይዛል። 160 በ12 ሲባዛ 1,920 ዶላር። ማለትም ሶፍትዌሩ ራሱ 400፣ የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ ወደ አምስት እጥፍ! አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ከሸቀጡ ይልቅ የቤት ኪራዩ የሚገድለው ነጋዴ ይህን ሒሳብ በደንብ ይረዳዋል። በዚያ ዘመን አንድ ፕሮግራመር «ትንሽ ሰፋ ቢል ምናለበት» ብሎ የጨመረው እያንዳንዱ ኪሎባይት በየወሩ ከሌላ ሰው ኪስ ይወጣ ነበር። ዛሬ ያ ክፍያ አልቀረም፤ ደረሰኝ ስለማይቆረጥለት አይታየንም እንጂ።

በአራት ኪሎባይት ጨረቃ ላይ

ሜሞሪ ጠቦ ሰው ላይ አደጋ ሊያደርስ የነበረበት ቀን ቢኖር ጁላይ 20 ቀን 1969 ነው። ኒል አርምስትሮንግና በዝ ኦልድሪን ጨረቃ ላይ ሊያርፉ እየወረዱ ሳለ የመርከባቸው ኮምፒውተር 1202 የሚል የማስጠንቀቂያ ቁጥር አወጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ 1201።

ኮምፒውተሩ የሚጻፍበትና የሚጠፋ ሜሞሪው 2,048 ቃል ነበር። «ቃል» ስንል እዚህ 16 ቢት ነው፤ ስለዚህ በዛሬ አነጋገር 4 ኪሎባይት። በዛሬው የአማርኛ አጻጻፍ አንድ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ 1,365 ፊደል ገደማ ቢይዝ ነው። እስካሁን ያነበባችሁት ክፍል እንኳ አይገባበትም። ፕሮግራሙ የተቀመጠው በሌላ፣ በማይጠፋ ሜሞሪ ውስጥ ነበር፤ ሴት ሠራተኞች ሽቦ በእጃቸው እየሸመኑ የሠሩት፣ 36,864 ቃል የሚይዝ።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሥራዎችን ተራ ያስይዛል። አንድ ሥራ ሲጀመር ከዚያች ትንሽ ሜሞሪ ላይ ቁራሽ ቦታ ይሰጠዋል፤ ሲጨርስ ይመልሳል። ያን ቀን አንድ ራዳር ሳያስፈልግ የኮምፒውተሩን ጊዜ ይሻማ ነበር። ስለዚህ ሥራዎቹ በሰዓታቸው አያልቁም፣ የያዙትን ቦታም አይለቁም። አዲስ ሥራ ሲመጣ ቦታ የለም። 1202 ማለት በቃ «ማዳበሪያው ሞልቷል» ማለት ነው።

ሌላ ኮምፒውተር ቢሆን ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ይህኛው ግን ሲሠራ ጀምሮ «የሚሞላበት ቀን ይመጣል» ተብሎ የታሰበበት ነው። የሥራ አመዳደቡን የቀየሰው ሃል ሌኒንግ፣ ሶፍትዌሩን የሠራው ቡድን መሪ የነበረችው ማርጋሬት ሃሚልተንና ባልደረቦቻቸው ለእያንዳንዱ ሥራ ደረጃ ሰጥተውት ነበር። ሲሞላ ሁሉንም ይጥልና እንደገና ይነሳል፤ ማረፊያውን የሚመሩትን ዋና ዋናዎቹን ሥራዎች ካቆሙበት ያስቀጥላል፣ የቀረው ይቆይ ይላል። ደጋግሞ እንደዚያ አደረገ። ሰዎቹም አረፉ።

እኔ ይህን ታሪክ የምወደው በጀግንነቱ አይደለም። 4 ኪሎባይት «በቅቶ» የተገኘው ተጠቃሚዎቹ ሁለት ብቻ ስለነበሩ፣ ምን እንደሚሠሩም እስከ ሰከንዱ ድረስ ስለታወቀ ነው። ተጠቃሚህን እንዲህ ካወቅኸው በጣም ትንሽ ሜሞሪ ይበቃል። የማታውቀው ተጠቃሚ ነው ሜሞሪ የሚበላው።

ዩኒክስም የተወለደው በዚሁ ዓመት ነው፤ ቤል ላብስ ውስጥ ኬን ቶምፕሰን ማንም ትኩረት ያልሰጠው ማሽን ላይ ጀመረው። በኋላ የተሻለ ማሽን የተገዛላቸው «የፓተንት ክፍል ጸሐፊዎች ጽሑፍ የሚያዘጋጁበት ሲስተም እንሠራለን» ብለው ቃል ስለገቡ ነው። ያ ማሽን 24 ኪሎባይት ሜሞሪ ነበረው፤ 16ቱን ሲስተሙ ያዘ፣ ለተጠቃሚዎቹ ፕሮግራም 8 ቀረ። ጸሐፊዎቹ ተየቡበት። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው አንድሮይድ መሠረቱ ሊኑክስ ነው፣ ሊኑክስ ደግሞ የዩኒክስን መንገድ የተከተለ ነው። ስለዚህ የነገሩ ሁሉ ሥር ለታይፒስቶች ተብሎ የተጠበበ 24 ኪሎባይት ላይ ነው።

128 የበዛበትና 128 ያነሰው

በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ በመጀመሪያ ዋጋው 16 ኪሎባይት ብቻ ነበረው። ፕሮሰሰሩ ሊደርስበት ከሚችለው 1 ሜጋባይት ውስጥ 640 ኪሎባይቱ ለፕሮግራሞች፣ የቀረው ለስክሪንና ለሌሎች ክፍሎች ተመደበ። «640 ኪሎባይት ለማንም ይበቃል» የሚል አባባል ለቢል ጌትስ ሲሰጥ ሰምታችሁ ይሆናል። እሱ አላልኩም ብሏል፤ ብሎት እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃም አልተገኘም፤ ስለዚህ ተዉት። ክፍፍሉ ግን እውነት ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ የፕሮግራመሮች ራስ ምታት ሆኖ ኖሯል።

የማኪንቶሽ ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። አፕል በ1983 ሊዛ የተባለ፣ በመስኮትና በማውስ የሚሠራ ኮምፒውተር አውጥቶ ነበር። 1 ሜጋባይት ሜሞሪ ነበረው፣ ዋጋውም 9,995 ዶላር። የሚገዛው ጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት ማኪንቶሽ በ2,495 ዶላር መጣ። ዋጋው የወረደበት አንዱ ምክንያት ሜሞሪው ወደ 128 ኪሎባይት መቆረጡ ነው። አሁን አብረን እናስላ። ስክሪኑ በአግድም 512፣ በቁም 342 ነጥብ አለው። እያንዳንዱ ነጥብ ጥቁር ወይም ነጭ ስለሆነ 1 ቢት ይበቃዋል። ሲባዛና ለ8 ሲካፈል 21,888 ባይት ይመጣል። ማለትም ገና ምንም ሳይጻፍ፣ ባዶውን ስክሪን ለማሳየት ብቻ ከሜሞሪው አንድ ስድስተኛው ሄደ። ከዚያ ላይ ሲስተሙ የራሱን ይወስዳል። ለጸሐፊው የሚተርፈው ጥቂት ገጽ ነው። ፍሎፒ ዲስክ ለመገልበጥ የፈለገ ሰው ደግሞ አንዱን ዲስክ ሲያወጣ ሌላውን ሲያስገባ እጁ ይዝል ነበር።

በዚያው ዓመት በመስከረም አፕል 512 ኪሎባይት ያለውን አወጣ። ማሽኑ ያው፣ ስክሪኑ ያው፣ ሲስተሙ ያው ነው። ሜሞሪው አራት እጥፍ ሲሆን ግን ለመሸጫ ማሳያ የሚያምረው ነገር በድንገት ሥራ የሚሠራበት ዕቃ ሆነ።

ጀርመን አገር ያለው ሰውዬ

አሁን ከሁሉ የምወደው ታሪክ ላይ ደረስን።

በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይጽፍ ነበር። ኮምፒውተሩ 4 ሜጋባይት ራም ነበረው፤ ለእሱ ሥራ ይበቃው ነበር። ሊኑክስን ለሰዎች በነፃ ካካፈለ በኋላ ጀርመን አገር ካለ አንድ ተጠቃሚ መልእክት ደረሰው። ሰውዬው ያለው 2 ሜጋባይት ብቻ ነው። የሊኑክስን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር ደግሞ ብቻውን ከ1 ሜጋባይት በላይ ይፈልጋል። አልገባ አለው። «ትንሽ ሜሞሪ በሚወስድ ሌላ ኮምፓይለር ሊሠራ አይችልም ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

ቶርቫልድስ ነገሩ ለራሱ አያስፈልገውም ነበር። ሆኖም በገና ሰሞን ቁጭ ብሎ ሠራለት። የሠራው ምንድን ነው? ወደ ጉሊቷ እንመለስ። ማዳበሪያው ሲሞላ ለጊዜው የማይፈለገውን ድንች ልጅዋ ወደ ጓዳ ይወስደዋል፣ በቦታው የተፈለገውን ሽንኩርት ይዞ ይመጣል። ደንበኛው ሁሉም ዕቃ ማዳበሪያው ላይ ያለ ይመስለዋል። በኮምፒውተር ቋንቋ ከራም ወደ ዲስክ ማሸጋገር ነው። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ በ1962 ማንቸስተር ውስጥ ሥራ የጀመረው አትላስ ኮምፒውተር 16 ሺህ ቃል ራምና 96 ሺህ ቃል የሚሽከረከር ከበሮ ይዞ ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ሜሞሪ ያሠራቸው ነበር። ሊኑክስ ግን ይህን ያገኘው 2 ሜጋባይት ብቻ የነበረው ሰው ስለጠየቀ ነው። ቶርቫልድስ በኋላ እንደተናገረው፣ በወቅቱ ተወዳዳሪው የነበረው ሚኒክስ ይህ አልነበረውም፤ ሰዎች ወደ ሊኑክስ እንዲያዩ ካደረጉት ነገሮችም አንዱ ይኸው ሆነ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ግዙፍ ሰርቨሮች ሊኑክስ ላይ ይሠራሉ፤ እኔ ግን ስሙን የማላውቀውን ያንን ጀርመን አገር ያለ ሰውዬ አስታውሳለሁ።

ብልሃቱ ገደብ አለው። ጓዳው ሩቅ ነው። ልጁ ሲመላለስ ደንበኛው ይጠብቃል። ማዳበሪያው በጣም ጠቦ በየሽያጩ ሁለቴ ሦስቴ መሮጥ ካለበት፣ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ የተሸጠ ነገር አይኖርም። ትምህርት ቤታችን ውስጥ የሆነው ይህ ነው። የዊንዶውስ 7 ዝቅተኛ መስፈርት 1 ጊጋባይት ነበር፤ የእኛ ማሽን ግማሹን ነው የያዘው። የሃርድ ዲስኩ መብራት ያለ ማቋረጥ ብልጭ ድርግም ሲል የነበረው ልጁ እየሮጠ ስለነበር ነው። ዊንዶውስ 7ን የሠሩት ሰዎች በ2009 አዲስ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው በዓይነ ሕሊናቸው ነበራቸው፤ መስኮቱ እንደ መስታወት እንዲያሳይለት፣ ፋይሉ ሳይፈልገው ቀድሞ ተለቅሞ እንዲጠብቀው። ለእሱ ጥሩ ነበር።

በነገራችን ላይ ስልካችሁ «ራም 80 በመቶ ተይዟል» ሲላችሁ አትደንግጡ። ባዶ ማዳበሪያ ምንም አይሸጥም፤ ጥሩ ሲስተም ሊፈለግ ይችላል ያለውን ሁሉ ቀድሞ ይደረድርበታል።

ራም የሚያበዛ መድኃኒት

በ1993 ክረምት ጃፓን ኒሃማ ከተማ ውስጥ የሱሚቶሞ ኬሚካል ፋብሪካ ፈነዳ። ፋብሪካው ቺፖች የሚታሸጉበትን ሙጫ በብዛት የሚያመርት ስለነበር የሜሞሪ ዋጋ በየአገሩ ተተኮሰ። በ1995 ዊንዶውስ 95 ሲወጣ አንድ ሜጋባይት አሁንም ወደ 30 ዶላር ነበር። ሳጥኑ «4 ሜጋባይት ይበቃል» ይል ነበር፤ በተግባር 8 የሌለው ሰው ተንገላቷል።

ችግር ባለበት መድኃኒት ሻጭ አይጠፋም። ሶፍትራም 95 የተባለ ፕሮግራም «ራማችሁን እጥፍ አደርጋለሁ፣ ውስጡ ያለውን ጨምቄ ቦታ አስለቅቃለሁ» ብሎ በመቶ ሺዎች ተሸጠ። ባለሙያዎች ፈትተው ሲያዩት የሚጨምቀው ነገር የለም። በ1996 የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የማስታወቂያው ቃል ሐሰት ነው ብሎ እርምጃ ወሰደ። የሚያስቀው፣ ሐሳቡ ራሱ ትክክል መሆኑ ነው። ከዓመታት በኋላ ሊኑክስም አፕልም ዊንዶውስም ራም ውስጥ ያለውን ዳታ በእውነት መጭመቅ ጀመሩ፤ አሁን ርካሽ ስልኮች ላይ በየቀኑ ይሠራል።

ዛሬ ስልክ ቤት ስትገቡ «8 ጊጋ ራም» ተብሎ በትንሹ «4+4» የሚል የተጻፈበት አይታችኋል? የመጀመሪያው 4 እውነተኛ ራም ነው። ሁለተኛው 4 ከስቶሬጁ ላይ የተቆረሰ ነው፤ የአትላስና የጀርመኑ ሰውዬ ብልሃት ማለት ነው። ውሸት አይደለም፣ ይጠቅማልም። ግን ማዳበሪያው 4 ነው፤ ሌላው 4 ጓዳና ሯጭ ልጅ ነው። ዋጋ ስትከራከሩ ይህን አትርሱ።

ፊደላችን የመጣበት ሳጥን

ግዕዝ ፊደል ከሜሞሪ ጋር ያለው ጉዳይ ረጅም ነው። በድሮ ኮምፒውተሮች አንድ ፊደል በ1 ባይት ይቀመጣል፤ 1 ባይት ደግሞ 256 ዓይነት ነገር ብቻ ነው የሚለየው። ለእንግሊዝኛ ተትረፍርፎ ይተርፋል። የእኛን ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ስትደምሩት ግን ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ባለሙያዎች ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፣ ወይም ከቁርጥራጭ ቀጣጠሉት። ሁሉም በየራሱ መንገድ ስለሄደ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። በ1999 ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ነገሩ መልክ ያዘ።

ከማይክሮሶፍት ሲስተሞች ግዕዝ ፊደልን ኒያላ በተባለ ፎንት ከሳጥኑ ጀምሮ ይዞ የመጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ ቪስታ ነው፤ በ2007 መጀመሪያ ገበያ ላይ ዋለ። ቪስታ ስንት ራም ጠየቀ? ዝቅተኛው 512 ሜጋባይት፤ በደንብ እንዲሠራ 1 ጊጋባይት። ከእሱ በፊት የነበረው ኤክስፒ የጠየቀው 64 ሜጋባይት ነበር። ስምንት እጥፍ ማለት ነው። አማርኛ በነባሪነት የመጣበት ሲስተም፣ አማርኛ የሚጽፉ ብዙ ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች ማሽናቸው የማይሸከመው ሆነ። በኤክስፒ የቀረ ሰው ፎንቱን ከሌላ ቦታ ለምኖ፣ በፍላሽ ተሸክሞ መጫን ነበረበት። ይህን ማንም በክፋት አላቀደውም። ፎንቱ ራሱ ከጥቂት መቶ ኪሎባይት አይበልጥም። ከመስታወቱ መስኮት ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ስለታሸገ ብቻ ከነመስታወቱ መግዛት ግድ ሆነ።

ስልኮች ላይ ነገሩ በአጭሩ ተደግሟል። በ2008 የወጣው የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ 192 ሜጋባይት ራም ነበረው። ሲስተሙ አበጠ፤ በ2013 ጉግል 512 ሜጋባይት ላይ እንዲሠራ መልሶ አቀጠነው። በ2017 ደግሞ 1 ጊጋባይትና ከዚያ በታች ላላቸው «ጎ» የተባለ ቀጭን ዓይነት ወጣ፤ የአይቢኤምን ዶስ/360 አስታውሱ። በ2022 የ«ጎ» ዝቅተኛው ራሱ 2 ጊጋባይት ሆነ።

እኔ አሁን የምሠራው ከእነዚህ ሁሉ በታች ነው። የአፈር እርጥበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ላይ ነው ምርምሬ። ውስጡ ያለው ኤቲሜጋ 328 የተባለ ቺፕ 2,048 ባይት ራም አለው፤ የአፖሎው ግማሽ። ትንሿ ስክሪን በአግድም 128፣ በቁም 64 ነጥብ ስላላት ባዶዋን 1,024 ባይት ትወስዳለች፤ ማኪንቶሽ እንኳ እንዲህ አልተዘረፈም። በቀረው ግማሽ ላይ ሥራ የምታከፋፍል አነስተኛ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አስገብቻለሁ።

የመጀመሪያው ስሪት ሁለት መልእክት ብቻ ነበረው፦ «ውሃ ያጠጡ» እና «በቂ ነው»። ለሁለቱ የሚያስፈልገው 8 ፊደል ነው፤ አንዱን ፊደል በ16 በ16 ነጥብ ስስለው 32 ባይት፣ በጠቅላላው 256 ባይት። በጣም ኮርቼበት ነበር። መሣሪያውን ለሙከራ የወሰድኩላቸው አንድ አባት ገበሬ ግን አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ እኔ ሦስት ቦታ ነው የማርሰው። የትኛው መሬት እንደሆነ ስሙን ይጻፍልኝ እንጂ» አሉኝ።

ለስማቸው ሦስት መሬት ሙሉ ፊደሉን ማስገባት ነበረብኝ። 300 ፊደል በ32 ባይት፣ 9,600 ባይት። ራሙ ውስጥ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በአፖሎው ሴቶች ዘዴ ሄድኩ፦ ፊደሉን በማይጠፋው የቺፑ ሜሞሪ ውስጥ አስቀምጬ አንድ አንዱን ብቻ ወደ ራም እያወጣሁ እስላለሁ። ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ። አሁን ስክሪኗ «የወንዝ ዳሩ፦ ውሃ ያጠጡ» ትላለች፤ ከ2,048ቱ ባይት ወደ 180 ተርፎኛል።